ኦራንጉታን እየሳመዎት አይደለም፦ ስለዚህ እንስሳ ሲያወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሰው ከኦራንጉታን ነው የመጣው» ማለት። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ድንቅነሽ ፊት ቆሞ ይህን ለልጁ የሚያስረዳ አባት አይጠፋም። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ የእኛና የኦራንጉታን የዘር ሐረግ የተለያየው ግን ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት ነው። ስለዚህ የሩቅ ዘመዳችን እንጂ አያታችን አይደለም። ቺምፓንዚና ጎሪላ እንኳ ከእሱ ይልቅ ለእኛ ይቀርባሉ። አፍሪካ ውስጥም በዱር አይገኝም፤ መኖሪያው ቦርኒዮና ሱማትራ የተባሉት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴቶች ብቻ ናቸው።

እንደ ጭላዳ አድርጎ ማሰብ። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ያየነው ጭላዳ ዓይናችን ውስጥ ስለቀረ፣ ኦራንጉታንንም በመንጋ እንስለዋለን። እሱ ግን ዕድሜውን በአብዛኛው ዛፍ ላይ ነው የሚያሳልፈው፤ ዛፍ ላይ ከሚኖሩ አጥቢዎች ሁሉ ትልቁ ነው፤ አውራው 90 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ሲመሽ ቅርንጫፍ አጥፎና ጎንጉኖ አዲስ መኝታ ይሠራል። ብቻውን መዋል ስለሚወድ ግን ከወገኖቹ ተቆራርጧል ማለት አይደለም። አውራው የሚያሰማው ረጅም ጩኸት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰማል፤ ሴቶቹም ሌሎቹ ወንዶችም በዚያ ድምፅ ማን የት እንዳለ ያውቃሉ።

ጉንጩ እንደ ሰፌድ የሰፋውን ከሌላው ለይቶ ሌላ ዝርያ ማድረግም የተለመደ ነው። ሁለቱም አዋቂ ወንዶች ናቸው። አንዳንዱ ጉንጩ ሳይሰፋ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ያም ሆኖ ይወልዳል።

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። ከተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎቼ አንዷ ስልኳን ዘርግታ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ካሜራ ያዡን እየሳመው ነው!» አለችኝ። ቪዲዮው ላይ ኦራንጉታኑ ከንፈሩን አሹሎ ወደ ውስጥ እየሳበ የመሳም ድምፅ ያሰማል፤ ቆይቶ ቅጠል ቀጥፎ አፉ ላይ ይይዝና ይደግመዋል። ፍቅር አይደለም። ሰው ወይም አውሬ ሲጠጋውና ሲረበሽ የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ነው፤ በአጭሩ «ሂድልኝ» ነው። ካሜራ ያዡ እዚያው ቆሞ ይስቃል። ቱሪስቶች ራቅ ብለው እንዲቆሙ የሚታዘዙትም በዚህ ብቻ አይደለም፤ የሰው ጉንፋን ይዞት ሊገድለው ይችላል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ዳይፐር የታጠቀ ግልገል ቪዲዮ ሥር «እንዴት ያምራል፣ አንድ ባሳድግ!» ብሎ መጻፍ ነው። ግልገሉ ከእናቱ እቅፍ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ እናቱ ስትገደል ነው። እሷ ደግሞ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም፤ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው 15 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፤ ከዚያም በአንድ ልጅና በሚቀጥለው መካከል ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 9 ዓመት ያልፋል። የሰፈር ድመት በአንድ ዓመት የምትወልደውን እሷ በዕድሜዋ ሙሉ አትወልደውም። በእነዚያ ዓመታት ልጁ የትኛው ፍሬ መቼ እንደሚበስል፣ መኝታ እንዴት እንደሚሠራ ከእናቱ እያየ ይማራል። ሱማትራ ውስጥ ሱዋቅ በሚባለው ረግረግ ደን ያሉት በእንጨት ስንጥር ፍሬ ፈልቅቀው ዘሩን ያወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው ራኩስ የተባለ ወንድ የመድኃኒት ተክል ቅጠል አኝኮ ፊቱ ላይ ያለውን ቁስል ሲቀባ ታይቷል። ከእናቱ የተነጠቀ ግልገልን መልሶ ደን ለማስገባት ሰው ነው ይህን ሁሉ ለዓመታት እየደጋገመ የሚያስተምረው። «ጫካ ቢለቁት ራሱ ይኖራል» ማለት ስለዚህ ከንቱ ነው።

ቁጥር ሲጠቅሱ ሦስት ዝርያ መኖሩን አይርሱ፤ የቦርኒዮ፣ የሱማትራና እ.ኤ.አ. በ2017 ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የታወቀው የታፓኑሊ። ሦስቱም ለመጥፋት በጣም ተቃርበዋል። የታፓኑሊው ከ800 አይበልጥም፤ ስለዚህ የቦርኒዮን ቁጥር አይቶ «ገና ብዙ ናቸው» ማለት እሱን እንደሌለ መቁጠር ነው።

ዘይት ላይ ሁለት ስህተት እንሠራለን። አንደኛው «እኛን ምን አገባን» ነው። ሐምሌ ላይ ጠዋት ፒያሳ ከሱቅ ዘይት የገዛ ያውቀዋል፤ ቢጫው ጀሪካን ውስጥ ያለው ነጥቶ ረግቶ፣ ባለሱቁ አልቀዳ ብሎት ፀሐይ እስኪወጣ ይጠብቃል። ያ የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። ከዓለም ምርት ከአምስት እጅ አራቱን በላይ የሚያመርቱት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው፤ ኦራንጉታንም የሚኖረው እነሱው ዘንድ ነው። ደኑ ተመንጥሮ ፓልም ሲተከል የሚበላው ፍሬ ይጠፋል፤ ረግረጉ በቦይ ሲደርቅ ደግሞ እንደ 1997 እና 2015 (እ.ኤ.አ.) ያለ ሰደድ እሳት ይነሳል።

ሁለተኛው «ፓልም ዘይት እናቁም» ብሎ መገላገል ነው። ፓልም ከአንድ ሄክታር የሚሰጠው ዘይት ከአኩሪ አተርም ከሱፍም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በእነሱ እንተካው ከተባለ የሚፈለገው መሬት ይጨምራል፤ ያም ከሌላ ደን ሊመጣ ይችላል። ሸማቾች በር ላይ ወረፋ የያዘችን እናት በዚህ መውቀስ ደግሞ ነውር ነው፤ እሷ የምትገዛው በኪሷ ልክ ነው። ዘይቱ አዲስ ደን ተመንጥሮ ነው ወይስ ከቆየ እርሻ የመጣው የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በመርከብ ለሚያስጭነው አስመጪ ነው። ለዚህ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አለ፤ እንከን የለሽ ባይሆንም ከምንም ይሻላል።

የመጨረሻው ቀላል ነው፤ የለጠፉት ፎቶ ላይ ጭራ ከታየ ኦራንጉታን አይደለም።