ፉዛሪየም አጠውልግን የሚቋቋም ሐብሐብ ማዳቀል

ቆቦ ሜዳ ላይ በጉድጓድ ውሃ ሐብሐብ የሚያለማ ሰው አንዱ ሐረግ ቀትር ላይ ጠውልጎ ማታ ሲያገግም፣ በማግስቱም እንደዚያው ሲሆን ካየ፣ ውሃ ከመጨመሩ በፊት ግንዱን ከአፈሩ በላይ በቢላ ይሰንጥቀው። ውስጡ ያሉት የውሃ መስመሮች ቡናማ ከሆኑ ፉዛሪየም የተባለውን አጠውላጊ ፈንገስ ይጠርጥር። ሥሩ ላይ እባጭ ካለ ኔማቶድ የተባለ ጥቃቅን የአፈር ትልም ገብቷል። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ስለሚቆይ ሰብል እያፈራረቁ መዝራት ብቻውን አያጠፋውም። ዘላቂው መፍትሔ የሚቋቋም ዘር ነው።

ለወላጅነት ገበያው የሚወደውን ሹገር ቤቢ የተባለ የሐብሐብ ዝርያ ካልሁን ግሬይ ከተባለው ዝርያ ጋር እናዳቅል። ሹገር ቤቢ ጣፋጭ ነው፤ ለበሽታው ግን ይጋለጣል። ካልሁን ግሬይ ከፈንገሱ ዓይነቶች አንዱን፣ ዘር 1 (race 1) የሚባለውን፣ የሚቋቋምበት አንድ ጂን አለው፤ ጂኑ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም ይሠራል። በ1911 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው ተቋቋሚ ዝርያ ኮንከረር ከማይበላ ሐብሐብ የተዳቀለ ስለነበር ጥራቱ ገበያውን አላረካም። ስለዚህ ተቋቋሚው ወላጅ ራሱ የሚበላ ይሁን።

ሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሽ ፀጉራም ፍሬ ይዛለች። በማግስቱ የሚፈኩትን፣ ቢጫቸው መታየት የጀመረውን ሴቴና ወንዴ እምቡጦች ከዋዜማው ማታ በክር እሰሩ፤ አለዚያ ንብ ትቀድማችኋለች። ሴቴዋ ወንዴ ዘንጎችም ካሏት ያን ጊዜውኑ በመርፌ አውጡላት። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወንዴውን ቆርጣችሁ ቅጠሎቹን ወደ ኋላ እጠፉ፤ የሴቴዋን ሦስት ክፍል ያለው መሐል በደንብ ቀቡት። ለአንዲት ሴቴ ሁለት ሦስት ወንዴ ይበቃል። መልሳችሁ እሰሯት፤ ቀኑንና ወላጆቹን ጽፋችሁ ምልክት አንጠልጥሉ። ከያዘች በጥቂት ቀናት ውስጥ ፍሬዋ ያብጣል፤ ካልያዘች ቢጫ ሆና ትረግፋለች። ዘሩ ሳይበስል እንዳይወጣ ፍሬውን 40 ቀን ያህል አቆዩ።

የመጀመሪያው ልጅ ሁሉ ይቋቋማል፤ እንደገና ከሹገር ቤቢ ጋር ሲዳቀል ግን የሚቋቋመው ግማሹ ነው። ግማሹን የሚለየው በሽተኛ አፈር ነው። በሽታው ከተረጋገጠበት ማሳ ሳትወጡ እዚያው ፈትኑ፤ አፈሩን ወደ ጤነኛ ማሳ አታጓጉዙ። በየአሥሩ ችግኝ ሁለት ሹገር ቤቢ ቀላቅሉ። አብዛኞቹ ሹገር ቤቢዎች ካልሞቱ ፈተናው ከንቱ ነው፤ የተረፈ ሁሉ የተቋቋመ አይደለም። አፈሩ 25–28 ዲግሪ ሲሆን በሽታው ይበረታል፤ 33ን ሲያልፍ ይዳከማል። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት አትፈትኑ። ውጤቱን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ጠብቁ።

የተረፉትን ከሹገር ቤቢ ጋር እያዳቀላችሁ ሦስት አራት ዙር ሂዱ፤ በየዙሩ ቅመሱ፣ ቅርፊቱንም እዩ። በመጨረሻ ተክሉን በራሱ ብናኝ አዳቅሉት። ከልጆቹ ሦስት አራተኛው ይቋቋማል፤ ከእነዚህም መቋቋሙን ለልጆቹ ሁሉ የሚያስተላልፈው ሢሶው ብቻ ነው። ለማወቅ ከተቋቋሙት ከእያንዳንዱ፣ በራሱ ብናኝ አዳቅላችሁ፣ 20 ችግኝ በበሽተኛው አፈር ፈትኑ፤ አንድም ካልሞተ ያን ዘር አባዙት።

ይህ ጂን ዘር 2 የሚባለውን ሌላ የፈንገሱን ዓይነት አይመክትም። ተቋቋሚው ራሱ መጠውለግ ከጀመረ ነቅላችሁ አቃጥሉ፤ ማሳው ላይም የሐብሐብን ችግኝ በቅል ሥር ላይ አጣብቆ (graft አድርጎ) መትከል ያዋጣል።