የፊያት 500 ስፔሻል ኤዲሽኖች፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ እዚህ አሜሪካ ጉቺ፣ 1957፣ ካቲቫ ወይም አባርዝ የምትባል ፊያት 500 ገዝታችሁ አሁን ከቼክ ኢንጅን መብራት ጋር ለተፋጠጣችሁ ነው። ባትሪ፣ ፊውዝና ነዳጅ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። እነሱን ያላየ መጀመሪያ ይያቸውና ይመለስ።

ኮፈኑን ክፈቱ እንጂ ስሟን አትንገሩኝ

ደውሎ “መኪናዬ ጉቺ ናት፣ ምን ይሻላታል?” የሚል ሰው ምንም አልነገረኝም። ስፔሻል ኤዲሽን የሚባለው በአብዛኛው ቀለም፣ ቆዳና ቸርኬ ነው። የ2012ቷ ጉቺ አረንጓዴና ቀይ መስመሯን፣ የ2014ቷ 1957 ደግሞ ቡናማ ቆዳዋንና የጥንቷን አስመስለው የሠሩላትን ባለ 16 ቸርኬ ይዘው መጡ እንጂ ኮፈኑ ስር ያለው የተራዋ ፖፕ ሞተር ነው፦ 1.4 ሊትር ማልቲኤር (የአየር መግቢያ ቫልቮቹን በዘይት ግፊት የሚከፍት)፣ ቱርቦ የሌለው፣ 101 የፈረስ ጉልበት። ለአሜሪካ ገበያ መጀመሪያ የወጡት 500ዎቹ ፕሪማ ኤዲዚዮኔዎችም ቁጥር ተለጠፈባቸው እንጂ ሞተራቸው ያው ነው። ካቲቫ ቱርቦ ያላትም የሌላትም አለች። አባርዝ በዚያው 1.4 ላይ ቱርቦ ጨምራ 160 ታወጣለች። ዕቃ ስታዙ በሞተሩና በሻንሲ ቁጥሩ እዘዙ፤ በኤዲሽኑ ስም የምታዙት ወንበርና ጌጥ ብቻ ነው።

ሌላው፣ የአውሮፓ ቪዲዮ እያያችሁ አትፍቱ። እዚያ ትሸጥ የነበረችው ባለ ቤንዚን አባርዝ ሞተሯ ቲ-ጄት ነው፤ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ ዘንግ) አለው፣ ማልቲኤር የለውም። የኛዋ አንድ ካምሻፍት ነው ያላት። አንድ ደንበኛ የጣሊያን ቪዲዮ አይቶ ያዘዘውን የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ይዞልኝ መጣ፤ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል።

ጉቺ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ቀበቶዋን እዩ። የእውነተኛዋ የወንበር ቀበቶ ራሱ ላይ አረንጓዴና ቀዩ መስመር አለ። በጎኗ ላይ ተለጣፊ ለጥፎ ፖፕን በጉቺ ዋጋ የሚሸጥ ሞልቷል።

ጠዋት በሦስት ሲሊንደር የምትነሳ

ጋራዥ ከሚመጡት ውስጥ እጅግ የሚበዛው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ምልክት፦ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ሚኒሞ አትይዝም፣ ቼክ ኢንጅኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ስካነሩ ፒ0300ን፣ ወይም ከፒ0301 እስከ ፒ0304 ካሉት አንዱን ያወጣል፤ ሲሊንደር እሳት ዘለለ ማለት ነው። ሞቅ ስትል ደህና ትሆናለች፣ ባለቤቱም ይረሳዋል። ሲውል ሲያድር ሞቃም ሆና መዝለል ትጀምራለች። በመጨረሻ አንድ ብርዳም ጠዋት ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም።

ሰው ሁሉ ካንዴላ ይቀይራል። አልሆነም። ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ኮይል ይቀይራል። አልሆነም። ኢንጀክተር ያዝዛል። ኮይሉን ለመፈተሽ መግዛት አያስፈልግም፤ ከጎኑ ካለው ሲሊንደር ጋር አቀያይሩት። ኮዱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ነው፣ ጨርሳችኋል። እዚያው ከቀረ ገንዘብ ማባከኑን ተዉና ዘይቱን እዩ።

ምክንያቱን ለመረዳት ማልቲኤር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ነው። በሌላ ሞተር ካምሻፍቱ ቫልቩን የሚገፋው ብረት በብረት ነው። እዚህ የጭስ መውጫዎቹ እንደዚያው ናቸው፤ የአየር መግቢያ ቫልቮቹ ግን ከካምሻፍቱ ጋር በብረት አይገናኙም። ካምሻፍቱ ትንሽ ፖምፓ ይገፋል፣ ፖምፓው ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ቫልቩን ይከፍታል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ መቆጣጠሪያ) አለው። ሶሌኖይዱ ሲዘጋ ዘይቱ ይታገዳል፣ ቫልቩም ይከፈታል። ሶሌኖይዱ ሲከፈት ዘይቱ ያመልጣል፣ ቫልቩን ሞላው ይመልሰዋል። አራቱ ፖምፓዎችና አራቱ ሶሌኖይዶች በአንድ ላይ ቴስታታው ላይ የተቀመጡበትን ዩኒት በሙያው ያሉት ብሪክ ይሉታል፤ እኔም እንደዚያው እለዋለሁ። ቴክኖሎጂው በ2009 በአልፋ ሮሜዮ ሚቶ ወጣ፣ በ2010 ደግሞ ቱርቦው የዓመቱ ምርጥ አዲስ ሞተር ተብሎ ተሸለመ። ሽልማቱ ይገባዋል። ዘይት ለማያይ ሰው ግን የተሠራ ሞተር አይደለም።

እንግዲህ ዘይቱ እዚህ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፣ ራሱ የሞተሩ አካል ነው። ካነሰ አየር ይቀላቀልበታል፣ አየር ደግሞ ስለሚታመቅ ቫልቩ በሚገባ አይከፈትም። ከቀጠነ ያመልጣል። ከቆሸሸ ደግሞ ወደ ብሪኩ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበትን ቀጭን ወንፊት ይደፍናል።

ሞተሩ ከነፊልትሮው የሚይዘው 3.8 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። “የዘይት መብራት አልበራም እኮ” አትበሉኝ! ያ መብራት የሚበራው ግፊት ሲጠፋ ነው፣ መጠን ሲቀንስ አይደለም። መብራቱ በርቶ ካያችሁት ብሪኩ ከእናንተ በፊት አውቆታል። አዲስ አበባ በታክሲነት የሠራችው አሮጌዋ ሰይቼንቶ ዘይት እየጠጣችም እየተፋችም ትሠራ ነበር፤ ይቺኛዋ እንዲህ ያለውን አትችልም።

አንዲት እህታችን 1957ቷን በተጎታች አመጣችልኝ። ቀለሟ ያ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ቆዳው በክሬም የታሸ፣ ዳሽቦርዱ ላይ አቧራ የለም። የዘይት መለኪያውን ሳወጣው ደረቅ ነበር። ጠርጌ መልሼ ሳስገባው ጫፉ ላይ አንዲት ጥቁር ጠብታ ይዞ ወጣ፣ ከታችኛው ምልክት በታች። ለቆዳው ክሬም የገዛችበት ገንዘብ ለሁለት ዓመት ዘይት ይበቃ ነበር። እሷ ግን ዕድለኛ ነች፤ ትክክለኛውን ዘይት ሞልተን ጥቂት ቀን ከነዳቻት በኋላ መንቀጥቀጡ ጠፋ። በጊዜ ከተደረሰበት እንዲህ የሚድን አለ። ስለዚህ ብሪክ ከማዘዛችሁ በፊት ሁልጊዜ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ትንሽ ንዱ፣ እንደገና ቀይሩ።

ትክክለኛው ዘይት የቱ ነው? ለቱርቦዎቹ፣ አባርዝን ጨምሮ፣ ሙሉ ሲንተቲክ 5ደብሊው-40። ቱርቦ ለሌላቸው 5ደብሊው-30። ዘይት በፍጥነት የሚቀይሩ ቦታዎች ግን ለመጣው መኪና ሁሉ ከአንድ በርሜል ነው የሚቀዱት፤ ብዙውን ጊዜም በጣም ቀጭን ነው። ዘይታችሁን ራሳችሁ ገዝታችሁ ሂዱ፣ ሲሞላም ቆማችሁ እዩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ሞተሩ ውስጥ የገባው ሌላ የሆነበት መኪና እጄ ገብቷል።

ሞተር የሚያጸዳ ኬሚካል ዘይቱ ውስጥ አትጨምሩ። ቆሻሻውን ከየግድግዳው ፍቆ ወስዶ ወንፊቱ ላይ ነው የሚከምረው።

ሲሊኮንም ተጠንቀቁ። አንድ ሰው የዘይት ቋቱ አንጠባጠበ ብሎ ሌላ ቦታ አሸጎት ነበር። ያሸገው ሰው ቀዩን ሲሊኮን እንደ ቅቤ ቀብቶታል። ወደ ውጭ የተረፈው ያስቀይማል፣ ወደ ውስጥ የተረፈው ግን ተቆርጦ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ወንፊቱን ሳወጣው በቀይ ክሮች ተሸፍኖ ነበር፤ በፒንሳ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ለአንድ ጓርኒሲዮን የተቆጠበ ገንዘብ ብሪክ አስገዛ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው። አባርዝ ያለው ልጅ “ሞተርህ አልቋል፣ አዲስ ሞተር ግዛ” ተብሎ መጣ። ኮምፕሬሽን ለክተውለት ሦስተኛው ሲሊንደር በጣም ዝቅ ብሎ አገኙት፣ “የፒስተን ፋሻው አልቋል” ብለው ፈረዱ። በማልቲኤር ሞተር ላይ ይህ ልኬት ብቻውን ያታልላል። የአየር መግቢያው ቫልቭ ካልተከፈተ ሲሊንደሩ አየር አይገባለትም፤ ያልገባ አየር ደግሞ አይታመቅም። ፋሻው ደህና ሆኖም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ትክክለኛው ምርመራ ፒስተኑን ላይኛው ጫፍ ላይ አቁሞ፣ ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው፣ በካንዴላው ቀዳዳ የኮምፕሬሰር አየር አስገብቶ ምን ያህል እንደሚያመልጥ መለካት ነው። የልጁ ሦስተኛ ሲሊንደር አየሩን ይዞ ቁጭ አለ። ብሪኩ ተቀየረ፣ መኪናዋ ዛሬም ትሮጣለች። ይህን ሳታስለኩ ማንም ሞተር ቀይሩ ቢላችሁ እሺ አትበሉ!

ብሪኩን ለመቀየር ከወሰናችሁ፦

አዲስ ግዙ። ከተሰባበሩ መኪኖች የሚወጣው ርካሽ ነው፣ ነገር ግን የሞተበት ሞተር ዘይት ምን ይመስል እንደነበር አታውቁም። ብሪኩን ከማንሳታችሁ በፊት በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ በአየር አባርሩ፤ ከተነሳ በኋላ የተከፈተውን ሁሉ ክር በማይተው ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። ቡሎኖቹ የሞላዎቹን ግፊት ስለሚሸከሙ አንዱን ጨርሶ ከፍቶ ወደ ሌላው መሄድ ክልክል ነው፤ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ እያላሉ። ሲታሰርም እንደዚያው በቅደም ተከተሉ፣ በቶርክ ሬንች። “እጄ ያውቀዋል” የሚል ሰው ቴስታታው ላይ ጥርስ በልቶ ይመጣል። አዲሱን ብሪክ አትገልብጡት፣ ውስጡ ያለው ዘይት ይፈስና አየር ይገባበታል። ወንፊቱን አትርሱ። ዘይትና ፊልትሮም አዲስ ይሁን።

ከዚያ ወዲያው አታስነሷት! መጀመሪያ ነዳጅ እንዳይረጭ ዘግታችሁ በሞተሪኖ ብቻ አዙሩት፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ፣ በየመሃሉ ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ። ስትነሳ ትንሽ ብትንኳኳ አትደንግጡ፣ አየሩ እየወጣ ነው። እየቆየ ካልተሻለው አጥፉና ዘይቱን እንደገና እዩ።

አባርዝ ጉልበቷ ሲጠፋ

ነዳጅ ስትሰጧት ፉጨት አለ፣ ጉልበት የለም፣ ኮዱ ፒ0299 ነው፤ የቱርቦው ግፊት አነሰ ማለት ነው። ቱርቦ አትዘዙ። አየሩ ከቱርቦው ወጥቶ በሁለቱ ማቀዝቀዣዎች አልፎ ሞተሩ እስኪደርስ ብዙ ቱቦና ብዙ ማሰሪያ ያልፋል፤ አንዱ ተላቋል ወይም ተሰንጥቋል። ማሰሪያዎቹን በእጅ ነካክታችሁ፣ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውኃ ረጭታችሁ አረፋ ፈልጉ። ድምፅ እንዲያምር ተብሎ የተገጠመ ርካሽ የአየር መልቀቂያ ካለ መጀመሪያ እሱን አውጡና የፋብሪካውን መልሱ። ዘመናዊ መስለው የሚሸጡ ሰማያዊ ቱቦዎች ሲሞቁ የሚለሰልሱ አሉ፣ ስም አልጠራም።

“ማርሚታዋ ተበሳ፣ ሰፈር ረበሸች” ብሎ ለሚመጣ፦ አልተበሳም። የአሜሪካዋ አባርዝ ከፋብሪካ ስትወጣም ማርሚታ የላትም፣ ጩኸቷ እንዲያ ነው። ቤንዚኗን ግን 91 ኦክቴን አድርጉላት።

የበር እጀታ

በሁሉም ላይ አለ፣ ከፖፕ እስከ ጉቺ። መጀመሪያ እጀታው ይላላል፣ ከዚያ አንድ ቀን ስትስቡት እጃችሁ ላይ ይቀራል። የሚሰበረው ውስጥ ያለው ማጠፊያው ነው። በረዶ የያዘውን በር በኃይል መጎተት ያፋጥነዋል፤ በረዶውን አስለቅቁ እንጂ ከበሩ ጋር አትታገሉ። ማጠፊያው ገና ሳይሰበር ግሪስ ቢያገኝ ዕድሜው ይረዝማል።

ሲቀየር መስታወቱ ወደ ላይ ተዘግቶ የበሩ የውስጥ ሽፋን ይወርዳል። ሽፋኑን የያዙት ፕላስቲኮች ስለሚሰበሩ አስቀድማችሁ መለዋወጫ ያዙ፣ አለዚያ በሩ እድሜ ልክ ይንቀጫቀጫል። በኢንተርኔት ጥንድ ሆኖ በምሳ ዋጋ የሚሸጠውን ኒኬል እጀታ አትግዙ፤ ልባሱ በአንድ ክረምት ይላጣል፣ ማጠፊያውም ከበፊቱ ይብሳል።

አልፎ አልፎ የሚገጥም

የማርሽ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ማርሽ ግን አይገባም፦ ካምቢዮው ሳይሆን የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ ነው፣ ደርቆ ተፈረፈረ።

ፒ0128 (ሞተሩ በሚገባ አልሞቀም የሚል ኮድ)፣ ማሞቂያው ለብ ብቻ ይላል፦ ቴርሞስታት፣ ከነቤቱ ቀይሩት።

የኋላ በር አይከፈትም ወይም የታርጋ መብራት ይጠፋል፦ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ሽቦ ጎማው ውስጥ ተቆርጧል። ፕላስተር አትጠቅልሉበት፣ በብየዳ ቀጥሉት።

ባለ ጨርቅ ጣሪያዋ 500ሲ ውስጧ ውኃ ካቆረ የጣሪያው ማፍሰሻ ቱቦ በቅጠል ተደፍኗል።

የ1957ቷን ቸርኬ ወደ ጎሚስታ ስትወስዱ የዳሩን ኒኬል የሚጠብቅ ፕላስቲክ በማሽኑ ላይ እንዲያደርግ ንገሩት፣ ካላደረገ ይዛችሁ ውጡ። የጉቺዋን የጎን መስመር ደግሞ በግፊት ውኃ ከቅርብ አትጠቡት፤ ጫፉ አንዴ ከተነሳ መልሶ አይያዝም።