የጎረቤት ዶሮ ተውሶ እንቁላል እንዴት ማስታቀፍ ይቻላል (ለደብረ ብርሃን ብርድ የሚሆን)

የመፈልፈያ ማሽን ውድ ነው፣ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ስለዚህ ጓሮው ውስጥ ጫጩት ማየት የፈለገ ሰው የሚያስፈልገው መታቀፍ ያማራት አንዲት የሀበሻ ዶሮ ነች፣ ከሌለችው ደግሞ የምታውሰው ጎረቤት። የሀበሻ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ቦቫንስ ምናምን የሚባሉት የፈረንጅ ዶሮዎች ብዙ እንዲጥሉ ተብለው የተዳቀሉ ስለሆኑ የመታቀፍ ነገር ከላያቸው ወጥቷል፣ እንቁላሏን ጥላ ዞር ብላም አታየው። የኛዋ አስራ ምናምን ትጥልና እዛው ጎጆዋ ላይ ትቀራለች።

መታቀፍ ማማሯ አይደበቅም። ቀንም ማታም አትነሳም፣ እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ትጮሃለች ትነክሳለች፣ በቀን አንዴ ተነስታ የምትጥለው ኩስም ትልቅና የሚከረፋ ነው። እንደዚህ ሆና ካያችኋት ባለቤቷን ቡና ላይ ጠይቁ። እኔ ያው "እማማ፣ ዶሮዎ ባዶ ጎጆ ላይ ነው የተኛችው አሉ፣ ያውሱኝና ጫጩቱን እንካፈል" ስላቸው "ውሰጃት ልጄ፣ ግን መጀመሪያ ድመትሽን እሰሪ" ነበር መልሳቸው። ድመቷን አሰርኩ።

እንቁላሉን አውራ ካለበት ቤት ሰብስቡ። ከሱቅ የሚገዛው አብዛኛው አውራ ሳይኖር የተጣለ ስለሆነ ዓመት ብትታቀፈው ጫጩት አይወጣውም። ዐቢይ ጾም ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ የሚበላው ስለሌለ በየቤቱ ይከማቻል፣ ጎረቤትም በደስታ ይሰጣችኋል፣ ግን ያ እንቁላል ወር ሊሆነው ይችላል። ሳምንት ካለፈው የመፈልፈል እድሉ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ወጥ ስሩበት ለፋሲካ። እንዲያስቀምጡላችሁ ስትነግሩ ቀኑን በእርሳስ እንዲጽፉበት ንገሯቸው። አትጠቡት፣ የተሰነጠቀና ቅርፁ የተበላሸውን ተዉት፣ በባጃጅ ሲንገጫገጭ የመጣ ከሆነ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አንድ ቀን አሳርፉት። ብዛቱ ለኛ ብርድ አስር ይበቃል፣ ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው አስራ ሦስትም ቢያደርግ ሙቀቱ ያግዘዋል። እዚህ ግን ከክንፏ ውጪ የቀረ እንቁላል አለቀለት ማለት ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚበላሽበት ቦታ ላይ ደረስን፣ ዶሮዋን ማዛወር። ዶሮ የምትታቀፈው እንቁላሉን ብቻ አይደለም ቦታውንም ጭምር ነው። አንዲት ጎረቤታችን ታህሳስ ላይ ከሦስት ቤት ማዶ በቀን አምጥታ በቀጥታ እንቁላሉ ላይ አስቀመጠቻት፣ በሩንም ሳትዘጋ ወደ ስራዋ ሄደች። ዶሮ ሆዬ በአጥር ሾልካ ቤቷ ገብታ ባዶው ጎጆዋ ላይ ተደላድላ ተኝታ ተገኘች፣ እንቁላሉ ደግሞ እዚህ በረዶ ሆኗል።

ስለዚህ በጨለማ ነው የምትዛወረው። ጎጆውን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ የጋን ስባሪ ወይም ሰፋ ያለ ካርቶን፣ ውስጡ የገብስ ገለባ፣ መሀሉ ጎድጎድ ያለ ግን እንቁላሉ አንዱ ባንዱ ላይ እስኪደራረብ ድረስ ያልጠለቀ። ቦታው ቤት ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ፣ ከበር ንፋስና ከምድጃ ጭስ የራቀ። ሁለት ሦስት የሱቅ እንቁላል ለማታለያ አስቀምጡ። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከነጎጆዋ ሙቀት በጨርቅ ጠቅልላችሁ አምጧት፣ ቀስ ብላችሁ እላዩ ላይ አስቀምጧትና እንቅብ ድፉባት፣ እንቅቡ ላይ ድንጋይ። ፕላስቲክ ሳፋ የሚደፉ አሉ፣ አየር ስለማያስገባ አልወደውም።

በነጋታው ጆሮ ስጡ። ዝም ካለች ጥሩ ነው። ቆማ የምትንጎራደድና የምትጣራ ከሆነ ገና አልተቀበለችውም፣ አንድ ሌሊት ጨምሩላት፣ ያም ካልሆነ መልሷት፣ በግድ የታቀፈች ዶሮ የለችም። ከተረጋጋች ማምሻውን በሩን ዘግታችሁ እንቅቡን አንሱላት፣ በልታ ጠጥታ ራሷ ከተመለሰች በቃ የናንተ ነች። በዚያው ሌሊት የሱቁን አውጥታችሁ እውነተኛውን ሁሉንም ባንዴ አስገቡ። ዛሬ አራት ነገ ሦስት እያሉ መጨመር የለም፣ የቀደሙት ሲፈለፈሉ እነሱን ይዛ ትነሳና የቀረው እንቁላል ውስጥ ይሞታል። ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጥልበት እንድትለዩት የናንተን በከሰል ምልክት አድርጉበት።

ከዚህ በኋላ 21 ቀን ስራው የሷ ነው። ገብስ ወይም ስንዴ፣ ውሃ፣ እና ከቅማል እንድትገላገል የምትንከባለልበት አመድ አጠገቧ ይኑር። በቀን አንዴ ለሩብ ሰዓት ብትነሳ አትደንግጡ። በሰባተኛው ቀን አካባቢ ማታ በስልክ ባትሪ እንቁላሉን እዩት፣ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ደም ስር ካለው ህይወት አለው፣ ጥርት ብሎ የሚያበራውን አውጡት፣ ኋላ ፈንድቶ ቤት ያገማል። መጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት አትንኳት። ጫጩት ከቅርፊቱ ለመውጣት ሲታገል አይታችሁ አታግዙት፣ ደም ታፈሱታላችሁ። ከወጣም በኋላ አስኳሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለሚወጣ ሳይበላ ሁለት ቀን ይቆያል። ውሃውን ዝቅ ባለ ሰሃን ጠጠር ጨምራችሁበት ስጡ፣ አለዚያ ይሰምጣሉ።

ክትባቱን ግን አትለፉት። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ የገባበት ሰፈር በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ነው የሚቀረው። ክትባቱ እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፣ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ አንዴ ከተበጠበጠ ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። ስለዚህ ለአስር ጫጩት ብቻ ከመክፈት ጎረቤት ሰብስባችሁ ገንዘቡን አዋጡ፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድ ጠዋት ጥሩት፣ ሁሉም ዶሮውን ሳይለቅ ቤት ውስጥ ይጠብቀው። እኛ ሰፈር አንዱ "የኔ ጤነኛ ናቸው" ብሎ አልዋጣም ካለ የሱን ድርሻ ሌሎቻችን እንሸፍናለን፣ የሱ ዶሮ ሲታመም የኛንም ነውና የሚጨርሰው።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን እናትየዋ ጫጩቶቹን መጫር አስተምራ ትጨርስና መንከስ ትጀምራለች፣ መመለሻዋ ያኔ ነው። እሱም በማታ ነው፣ ቆጡ ላይ ከጓደኞቿ መሀል አስቀምጧት፣ በቀን ከለቀቃችኋት እንደ እንግዳ ይደበድቧታል። የጫጩቱን ክፍፍል ግን ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፣ ወንድና ሴቱ ገና ሳይለይ፣ በእጣ። ቄቧና አውራው ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ቡና ያስቀራል።