የስፖርት ሳይንስ መጻሕፍትን ለኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እንዴት እናሰባስብ?

መጀመሪያ የኮርሶቹን ዝርዝር ያዙ። የሰውነት ማጎልመሻ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ኳስና ሩጫ ነው። ተማሪው ግን አናቶሚ፣ የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮሜካኒክስ፣ የስፖርት ሳይኮሎጂ፣ ሥነ ምግብ፣ የማስተማር ዘዴ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሁሉ ይማራል። መምህራኑን ቢሯቸው ድረስ ሄዳችሁ አነጋግሩ። «ምን መጽሐፍ ይገዛ?» አትበሏቸው፤ እያንዳንዱ የሚወደውን ይነግራችኋል። «ለተማሪው ምን ዓይነት ሥራ ትሰጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ከዚያ ያላችሁን ቁጠሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ አመዳደብ ስፖርት 796 ላይ ነው፤ የአካል ብቃት ግን 613.7 ላይ፣ ፊዚዮሎጂ 612 ላይ፣ የስፖርት ጉዳት 617.1 ላይ፣ የአንደኛ ደረጃ ስፖርት ማስተማሪያ ደግሞ 372.86 ላይ ይቀመጣል። 796 ፊት ቆማችሁ «ሞልቷል» ብትሉ ስለ ቀሪው ምንም አላወቃችሁም። ሁሉንም ዙሩ።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ የመጽሐፉ ዕድሜ። እኔ አንድ ጊዜ አራት ካርቶን መጽሐፍ በስጦታ ተቀበልኩ። ደስ ብሎኝ ውስጡን ሳላይ በሁለት ቀን መዝግቤ ደረደርኩት። በሚቀጥለው ሴሚስተር አንድ ተማሪ የተመለሰለትን ወረቀት ይዞ መጣ። በመረብ ኳስ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የሚመታው ቡድን ብቻ ነው ብሎ ጽፎ ነጥብ ተቀንሶበታል። ያ ደንብ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ቀርቷል። ልጁ ግን ከኛ መጽሐፍ ነው ያገኘው፤ መጽሐፉን ያመነውም እኔ መደርደሪያ ላይ ስላስቀመጥኩት ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የመጣ መጽሐፍ ሁሉ፣ ይገዛም ይሰጠንም፣ ሦስት ቦታ ላይ ሳልፈትሸው አይገባም። አንደኛ፣ የጨዋታ ደንብ ካለው ነጥብ አቆጣጠሩን አያለሁ፤ ጠረጴዛ ቴኒስ አሁንም በ21 ነጥብ የሚያልቅ ከሆነ መጽሐፉ በፈረንጆቹ ከ2001 በፊት የነበረውን ነው የሚያስተምረው፤ ዛሬ 11 ነው። ሁለተኛ፣ በሳምንት ምን ያህል እንንቀሳቀስ የሚለውን ገጽ እፈልጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፤ ድሮ የነበረውን «አንድ ጊዜ ስትጀምሩ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሁን» የሚለውን ግን አንስቶታል። ሦስተኛ፣ ከልምምድ በኋላ በማግስቱ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም በምን ያስረዳል? «ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞ ነው» ካለ ጊዜው አልፎበታል። በተለምዶ ላክቲክ አሲድ የሚባለው ላክቴት በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ ሕመሙ በአብዛኛው ከጡንቻው ጥቃቅን ጉዳት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ያረጀ ሁሉ ይጣል ማለቴ ግን አይደለም። የስፖርት ታሪክና ፍልስፍና ዕድሜ አይገድለውም፤ የአናቶሚ ሥዕል መጽሐፍም ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። ቶሎ የሚያረጁት ደንብ፣ ሥነ ምግብ፣ የጉዳት ሕክምናና የልምምድ ምክር ናቸው። አሮጌ የደንብ መጽሐፍ ለታሪክ ኮርስ ካስፈለገ ጀርባው ላይ «ለታሪክ» የሚል ምልክት ለጥፋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

ግዢ ላይ ሐሳቤ ግልጽ ነው። ሰማንያ ተማሪ የሚማርበት አንድ መማሪያ ካለ አምስት ቅጂ ግዙ፣ አንዱ ከቤተ መጻሕፍት የማይወጣ ይሁን፤ ማንም የማይከፍታቸው አሥር የተለያዩ ርዕሶች ከመግዛት ይሻላል። አሳታሚዎች አሰናድተው የሚያቀርቡትን ጥቅል አልወደውም፤ ግማሹ ከኮርሶቻችሁ ጋር አይገናኝም። «በ30 ቀን ቦርጭ ማጥፊያ» ዓይነቱን ደግሞ ጸሐፊው የተማረው ምን እንደሆነ ሳታዩ አትንኩ። የደንብ መጽሐፍ ከናካቴው አትግዙ፤ የዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኖቹ ድረ ገጽ ላይ በነፃ በፒዲኤፍ አለ። አትማችሁ ያወረዳችሁበትን ቀን ሽፋኑ ላይ ጻፉ።

ለዳታቤዝ ከመክፈላችሁ በፊት ነፃ የሆኑትን፣ የሕክምናና የጤና ጥናቶች ማከማቻውን ፐብመድ ሴንትራልንና የነፃ ጆርናሎች ማውጫውን ዶአጅን፣ ለተማሪዎች አሳዩ። አንድ የአርባ ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ካታሎግ ላይ ስም ሲቀየር ሁለቱንም መዝግቡ። የዓለም አትሌቲክስ የሚባለው ፌዴሬሽን በፈረንጆቹ እስከ 2019 አይኤኤኤፍ ይባል ነበር፤ በአንዱ ስም ብቻ ከመዘገባችሁ ተማሪው ግማሹን አያገኝም።

ፍተሻውን በየዓመቱ ከፈተና በኋላ ድገሙት፤ ያን ጊዜ መጻሕፍቱ ተመልሰው መደርደሪያ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ከመደርደሪያ ያወጣችሁትን ከካታሎጉም በዚያው ቀን ሰርዙ፤ አለበለዚያ ተማሪው የሌለ መጽሐፍ ሲፈልግ ይውላል።