ብሮሚሊያድ አበባዋ ስለደረቀ አትጣሏት

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ አካባቢ ሆናችሁ ብሮሚሊያድ የምትባለው የቤት ውስጥ አበባ ቤታችሁ ያላችሁ፣ ይቺን ልብ በሉ። ቀዩ አበባ ሲደርቅ «ሞተች» ብላችሁ አታውጧት። አንዷ ተክል የምታብበው አንዴ ብቻ ነው፤ ግን ቀስ እያለች ከማለፏ በፊት ከጎኗ ልጆች ታወጣለች። ልጁ የእናቱን ግማሽ ሲያክል በንጹሕ ቢላ ቆርጣችሁ ለብቻው ትከሉት። ቀድማችሁ አትቁረጡት፤ ምግቡን የሚያገኘው ከእሷ ነው።

ውኃውን ቅጠሎቹ መሀል ላይ በሠሩት ጎድጓዳ ቦታ ጨምሩ። አፈሩ ትንሽ እርጥበት ይበቃዋል። መሀሉ ያለውን ውኃ ግን በየሳምንቱ ወይም በሁለት ሳምንት ደፍታችሁ ቀይሩ፤ ካልሆነ ይሸታል፣ ተክሏም ትበሰብሳለች። የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ቅጠል ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል። የዝናብ ውኃ ይሻላታል። እሱንም ከቆርቆሮ የወረደውን ሳይሆን ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ባልዲ የተጠራቀመውን፤ ብረታ ብረት አይስማማትም።

ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ ማታ ከመስኮቱ አርቋት። ከ10 ዲግሪ በታች ትጎዳለች። ቀን ላይ ብርሃን ትወዳለች፣ የቀጥታ ፀሐይ ግን ያቃጥላታል። ስስ መጋረጃ በቂ ነው።

ልጁ አድጎም አላብብ ካለ፣ የመሀሉን ውኃ ድፉና ከበሰለ ፖም ጋር በትልቅ ፌስታል ሸፍኑት። ከፀሐይ አርቃችሁ ለሳምንት ያህል ተዉት። ከፖሙ የሚወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ተክሉን ለማበብ ያነሣሣዋል። ዘመዷ አናናስም በዚሁ ጋዝ ነው እንድታብብ የምትደረገው። አበባው ብቅ እስኪል ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላልና ታገሡ።