የአውራ ጣት ጅማት ዝውውር ኦፕራሲዮን፦ እኔ የሰራኋቸውን ስህተቶች አትድገሙ

የእጄን አንጓ መስታወት ቆርጦኝ ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ተበጠሰ፣ ተሰፋ፣ ግን አውራ ጣቴ ወደ ሌሎቹ ጣቶች መዞሩን እምቢ አለ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት ሁሉ ቀረ። በመጨረሻ የቀለበት ጣቴን ከሚያጥፉት ጅማቶች አንዱን ወስደው አውራ ጣቴ ላይ ሰፉልኝ።

እጅ ደርቆ እያለ ኦፕራሲዮን መሄድ። ይሄ የኔ ትልቁ ጥፋት ነው። ጣቱ ካልሰራ ምን አለፋኝ ብዬ ለወራት ከመዳፌ ጎን ተጣብቆ እንዲቀመጥ ተውኩት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ቆዳ ተኮማተረና ፊዚዮቴራፒስቷ ራሷ ይዛ ልትከፍተው ስትሞክር እንኳ አልከፈት አላት። የሰው እጅ ገፍቶ ያላንቀሳቀሰውን ጣት አንድ ቀጭን ጅማት ከየት አምጥቶ ያንቀሳቅሰዋል? ቀጠሮዬ ተራዘመ፣ ቀን ቀን መለጠጥ ማታ ማታ ስፕሊንት (ጣቱን ከፍቶ የሚይዝ መደገፊያ) እያልኩ ሳምንታት ሄዱ። ኦፕራሲዮን ባታስቡም መለጠጡን ከመጀመሪያው አትተዉት።

ነርቩ ይመለሳል ብሎ ዝም ብሎ መጠበቅ። ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው የሚያድገው፣ ጉዳቱ ክንድ ላይ ከፍ ብሎ ከሆነ እስኪደርስ የአውራ ጣት ጡንቻ ይሟሽሻል። ስለዚህ ክትትል አታቋርጡ።

"ሌላ ጣቴን ሊያበላሹብኝ ነው" ብሎ መፍራት። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ሲያስረዱኝ ግን ጣቷን የሚያጥፏት ጅማቶች ሁለት ናቸው፣ አንዱ ቢሄድ ሌላው ያጥፋታል። የመጨበጥ አቅም ትንሽ ይቀንሳል፣ እሱን አልዋሻችሁም። ሌባ ጣትን ከሚዘረጉት ጅማቶች አንዱ የሚወሰድበትም አለ፣ ከትንሿ ጣት በኩል ያለውን ጡንቻ ገልብጠው የሚያመጡበትም አለ (ሁበር ይሉታል፣ ከ1921 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፣ አውራ ጣታቸው ከልደት ደካማ ለሆነ ልጆች ይሰሩላቸዋል)። ዋናው የሚወሰደው ጡንቻ ጠንካራ መሆኑ ነው፣ ምክንያቱም ሲዛወር ጉልበቱ አንድ ደረጃ ያህል ይወርዳል።

የመዳሰስ ስሜትም አብሮ ይመለሳል ማለት። አይመለስም፣ ጅማት ነው የተዛወረው። የኔ ጣት ጫፍ ዛሬም ድንዝዝ ስለሆነ ትኩስ ነገር በሌላኛው እጄ ነው የምፈትሸው።

ጄሶ ውስጥ እያሉ እጅን ሙሉ በሙሉ መርሳት። 3 ወይ 4 ሳምንት አውራ ጣቱ ይታሰራል፣ እሱን አትነካኩት፣ ያልታሰሩትን ጣቶች፣ ክርንና ትከሻ ግን አንቀሳቅሱ፣ እጁንም ከልብ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ አለበለዚያ ያብጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ደግሞ ያቁም፣ ቁስሉን ያዘገያል።

አውራ ጣትን በጉልበት ለማዘዝ መታገል። ጄሶው እንደተፈታ ፊቴ እስኪቀላ ታገልኩ፣ ንቅንቅ የለም፣ በቃ ኦፕራሲዮኑ ከሸፈ ብዬ አኮረፍኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሳቀችና "አውራ ጣትህን እርሳው፣ የቀለበት ጣትህን እጠፋት" አለችኝ። ልክ እሷን ላጥፍ ስል አውራ ጣቴ ከመዳፌ ተነስቶ ዞር አለ! ለካ ጡንቻው አሁንም የድሮ ስራውን ነው የሚያውቀው፣ ማሰብም በድሮ ስራው በኩል ነው። ከሌባ ጣት የተወሰደለት ሰው ሌባ ጣቱን ሊዘረጋ ያስባል። መጀመሪያ ላይ በየሰዓቱ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ መስራት ይሻላል፣ እኔ ግማሽ ሰዓት በተከታታይ ስሰራ ጡንቻው ደክሞ ጭራሽ እምቢ ይለኝ ነበር። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ሸሚዜን ቆልፌ ጨርሼ ነው የቀለበት ጣቴን እንዳላሰብኩ ትዝ ያለኝ።

ተሻለኝ ብሎ ከባድ ማንሳት። እስከ 12 ሳምንት ድረስ የጠበቀ ክዳን መክፈት፣ ሻንጣ ማንጠልጠል የለም፣ ስፌቱ ሊላላ ወይ ሊበጠስ ይችላል። ድንገት "ጧ" ብሎ ጣቱ መስራት ካቆመ የዛኑ ቀን ለሰርጀናችሁ ደውሉ፣ ነገ አየዋለሁ አትበሉ።