ፊልም ለማሳየት አዳራሽ ከመያዛችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በማኅበር ቤት ዘጋቢ ፊልም ለማሳየት ካሰባችሁ፣ ፖስተር ከመለጠፋችሁ በፊት ፊልሙን በአደባባይ የማሳየት ፈቃዱን ጨርሱ። የኔትፍሊክስ ወርኃዊ ክፍያም ሆነ የገዛችሁት ዲቪዲ በመደበኛነት ለቤት ብቻ ነው። መግቢያው ነፃ መሆኑም አያድናችሁም። የፊልሙን አከፋፋይ ፈልጉና ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ትኬት እንደምትሸጡና እንደማትሸጡ ጽፋችሁ ጠይቁ። ዋጋው ብዙ ጊዜ በዚያ ነው የሚወሰነው። ለትንንሽ ማኅበራት የሚቀንሱም አሉ፣ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ረጅም ፊልም አትምረጡ። ስለ ኢትዮጵያ ቡና ገበሬዎች የሚያወራው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ብላክ ጎልድ» 78 ደቂቃ ገደማ ነው። ለውይይት ጊዜ ይተርፋል። ድምፁን አስቀድማችሁ ሞክሩት። ሰው ደብዘዝ ያለ ምስል ይችላል፤ የማይሰማ ድምፅ ግን ያስነሳዋል። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ካሉ፣ ዋናውን ነገር በ5 ደቂቃ በአማርኛ ንገሯቸው።

ቡናውስ? ከፊልሙ በኋላ፣ እዚያው ውይይቱ ላይ ይቅረብ። ግን ቤት ተቆልቶ ይምጣ። እኛ አዳራሹ ውስጥ ቆልተን የጭስ ማንቂያው ጮኸና ፊልሙ መሀል ላይ ሁላችንም ደጅ ወጣን።